የአባቴ ጉልበትና የሮቦቱ ክንድ

አባቴ ሞጣ ውስጥ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔ ቢቸና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቤታችን ዘወትር በተማሪ የተሞላ ስለነበር እኔም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» እያልሁ አደግሁ። «አባባ» ብዬ የጠራኋቸውን ቀን አላስታውስም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አብራቸው የምትኖረው እህታቸው፣ አክስቴ ናት። እኔ ደግሞ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እንደጨረስሁ ቢቸና መናኸሪያ ሄጄ የሞጣ ሚኒባስ እጠብቃለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዤ ስቆም መንገዱ ገና ከወገቤ አልወጣም።

የየኔታ ጉልበት በአንድ ቀን አልተበላሸም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መቋሚያ ተደግፈው ቆመዋል፣ ሰግደዋል፣ እግራቸውን አጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠው አስተምረዋል። መጀመሪያ ከተቀመጡበት ሲነሱ ማቃሰት ጀመሩ። ቀጥሎ የቀኝ እግራቸው ወደ ውጭ እየጎበጠ ሄደ። ከዚያ አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰግደው መነሳት አቃታቸው። ሁለት ዲያቆናት በብብታቸው ገብተው አነሷቸው። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መስገድ ተዉ።

ፀበል ተጠመቁ። አክስቴ በለጋ ቅቤ አሸቻቸው። ሐኪም ቤት ራጅ ተነሡ፤ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየኝ። በላይኛውና በታችኛው አጥንት መካከል ሊኖር የሚገባው ክፍተት በአንድ በኩል ጨርሶ ጠፍቷል። «መሐል ላይ የነበረው ልስልስ ሽፋን አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋተገው» አለኝ። ክኒን ሰጠን። ክኒኑ ጨጓራቸውን ነካቸው። መርፌ ጉልበታቸው ላይ ተወጉ፤ ለጥቂት ወራት አሻላቸውና መልሶ ያው ሆነ።

በዚህ መሐል አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወለ። አንድ ሆስፒታል ጉልበት በሮቦት ይቀይራል ተብሏል አለኝ። ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጌ የኔታ አጠገብ አስቀመጥሁት። ወንድሜ ተናግሮ ሲጨርስ እኔን ዞረው አዩኝ።

«ሮቦት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማሽን ነው፣ የኔታ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ።»

«እሱ ነው ሥጋዬን የሚቆርጠው?»

«አዎ... ማለት፣ ከሐኪሙ ጋር።»

«ቢላውን የሚይዘው ማነው?»

እሱን እኔም አላውቅም ነበር። «ያልገባሽን ነው የምትነግሪኝ። ሂጂና ተማሪ፤ ከዚያ ታስተምሪኛለሽ» አሉ። ለተማሪዎቻቸው የሚናገሩበት ድምፅ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሞልቶኝ እንኳ ያ ድምፅ ያስደነግጠኛል።

ቢቸና ተመልሼ መማር ጀመርሁ። ኔትወርክ ሲኖር መብራት የለም፤ መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም። አንድ ቪዲዮ ለማውረድ ሦስት ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ። በዕረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ጥግ ይዤ አያለሁ። ባልደረቦቼ ተሰብስበው ከትከሻዬ በላይ ያዩ ነበር። የሒሳቡ መምህር «ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ሐኪሙ ሻይ ይጠጣል» ብሎ ያስቃቸዋል። እኔ ግን ሳቅ አይመጣልኝም ነበር። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ነጭ ክንድ የሚያምር ነገር ነው፤ ሆኖም አጥንት ሲቆረጥ አይቶ አባቱን የማያስብ የለም።

ቀስ በቀስ ገባኝ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እግሩ ሲቲ ስካን ይነሣል። ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነሥቶ የዚያን ሰው አጥንት በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳይ ምስል ይሠራል። ሐኪሙ ምስሉ ላይ የሚገባውን ብረት መጠን፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይወስናል። በቀዶው ሰዓት ከጉልበት በላይና በታች ባለው አጥንት ላይ ምልክት ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ይተከላሉ፤ ካሜራ እነሱን እያየ እግሩ የት እንዳለ ይከታተላል። መጋዙ ክንዱ ጫፍ ላይ ነው። የሚገፋው የሐኪሙ እጅ ነው፤ መጋዙ ከተወሰነለት ወሰን ሊወጣ ሲል ግን ክንዱ ይይዘዋል። ሙሉ ጉልበት ተነቅሎ አይጣልም። የአጥንቶቹ ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር ይላጥና ብረት ይለብሳል፤ በመካከል ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍሁ፣ ሥዕሉንም ሠራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሞጣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ደብተሩን ዘርግቼ አስረዳኋቸው። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ «እንደ ብራና መስመር ነው» አሉ። «ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምረዋል። ብዕሩን የሚይዘው እሱ ነው፤ መስመሩ ይመራዋል።»

«ልክ ነው፣ የኔታ።»

«ልክ አይደለም» አሉ ወዲያው። «መስመር እጅ አያቆምም። ሰነፍ ጸሐፊ ከመስመር ይወጣል።»

«ይሄኛው ያቆማል።»

«እንግዲያ መጋዙን የሚገፋውን ሰውዬ ልየውና ልጠይቀው» አሉ። በዚያች ቀን የተሰማኝ ደስታ ድካሜን ሁሉ ያስረሳኝ መስሎኝ ነበር።

አዲስ አበባ የገባነው በዕረፍት ወራት ነው። ከሞጣ በጉንደ ወይንና በቢቸና አድርገን ደጀን እስክንደርስ የኔታ የቀኝ እግራቸውን ማጠፍ ስላልቻሉ የአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ዘርግተው ነበር የተቀመጡት። ተሳፋሪ ሁሉ እግራቸውን እየዘለለ ወጣ፣ ወረደ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ በእያንዳንዱ መታጠፊያ እጄን ይጨብጡ ነበር። አላለቀሱም፤ ግን ጣቶቼ ደነዘዙ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከወንድሜ ያንሳል። ፊታቸው ላለመቆም ብሎ ይመስለኛል፣ በርጩማ ስቦ ከሳቸው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ጉልበት ነበር፤ አንሥቶ አስያዛቸው። የኔታ አገላብጠው አዩት፤ አጠፉት፣ ዘረጉት።

«አባታችን፣ ልጅዎ አስረድታዎታለች። ያልተመለሰልዎት ጥያቄ ካለ ይጠይቁኝ።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ጄኔሬተር አለን። ማሽኑ ጨርሶ እንቢ ቢል ደግሞ በእጄ እጨርሰዋለሁ። ከማሽኑ በፊት የተማርሁት በእጅ ነው።»

«መልካም። እግሬ በመሐል ቢነቃነቅስ?»

«ካሜራው እግርዎ በሄደበት ይከተለዋል። ካላየው ደግሞ መጋዙ አይሠራም።»

የኔታ የፕላስቲኩን ጉልበት መልሰው አስቀመጡ። «የመጨረሻው ይህ ነው። ማሽኑ ያዘዝኸውን ይፈጽማል። አንተ ስታቅድ ከተሳሳትህስ?»

እኔ ቪዲዮ ሳይና ስጽፍ በከረምሁባቸው ሳምንታት ሁሉ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም ነበር።

«ያን ጊዜ» አለ ሐኪሙ፣ «ማሽኑ ስሕተቴን ቅንጣት ሳያዛንፍ ይቆርጠዋል። ለዚህ ነው ከመቁረጤ በፊት አጥንቱን እየነካሁ ምስሉና አጥንቱ አንድ መሆናቸውን የማመሳክረው። እግርዎን አጥፌ ዘርግቼ ጅማቱን አያለሁ። ያኔ ዕቅዴን የምለውጥበት ጊዜ ብዙ ነው።»

«በእጅ ከሚሠራው ይሻላል?»

«ብረቱን ባሰብሁት ቦታ ለማስቀመጥ ይሻላል። ከዓመታት በኋላ ሰውየው በእጅ ከተሠራለት ይልቅ ይመቸዋል ወይ ካሉኝ፣ እሱ ገና እያከራከረ ነው። አልዋሽዎትም።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደዱት፤ ከፊታቸው አውቄዋለሁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሰግዳለሁ?» አሉት።

«ይራመዳሉ። ይቆማሉ። ደረጃም ይወጣሉ። ጉልበትዎን መሬት አስነክተው ግንባርዎን ደፍተው መስገድ ግን... አንዳንዱ ይችላል፤ ብዙው አይችልም፤ እኔም አልመክርም። ወንበር ላይ ሆነው ጎንበስ ማለት ይችላሉ።»

የኔታ መቋሚያቸውን አነሡና ለመነሳት ሞከሩ። ሐኪሙ ደገፋቸው። «አስቤ እመለሳለሁ» አሉት።

ወንድሜ ቤት አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ዳዊት ሲደግሙ ቆዩ። ወንድሜ ተናደደብኝ። «ስግደቱን ለምን ቀድመሽ አልነገርሻቸውም?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ስለ ካሜራው፣ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ክንዱ ሁሉ አጥንቼ እሳቸው ከምንም በላይ የሚፈልጉትን አልጠየቅሁም። በማግስቱ ቁርስ ላይ የኔታ ራሳቸው ተናገሩ። «ስግደቱን ካጣሁት ቆይቷል። መቆሙን እንኳ ላትርፍ» አሉ።

በቀዶው ቀን ከወገብ በታች ብቻ ነበር የደነዘዙት፤ ነቅተው ነበር። ወንድሜና እኔ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅን። እሱ ወዲያ ወዲህ ይላል። እኔ ተቀምጬ ግድግዳው ላይ ራሴን አስደግፌ የኔታ ያስተማሩኝን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እል ነበር፤ ግማሹ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ሐኪሙ ወጥቶ ሲቀሰቅሰኝ አፈርሁ። «እንዳሰብነው ሄደ» አለን። «መሐል ላይ ዕቅዱን ትንሽ ለውጫለሁ፤ የውስጥ ጅማታቸው ካሰብሁት በላይ ጠብቆ ነበር። ንገሪያቸው፣ ጥያቄያቸውን አስታውሼ ነው ደግሜ ያየሁት።»

የኔታ አልጋቸው ላይ ሆነው መጀመሪያ ያሉኝ «እንደ አናጢ ቤት ነው የሚጮኸው» ነው። ቀጥለውም «ሐኪሙ ሲሠራ ያንጎራጉር ነበር» አሉኝ። እግራቸውን አየሁት። በፋሻ ተጠቅልሎ አብጧል፤ ግን ቀጥ ብሏል። ያ ሁሉ ዓመት ወደ ውጭ የጎበጠው እግር ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። እዚያው ቆሜ ብዙ አየሁት።

ሥራው አለቀ ብዬ ነበር። ለካ የኔ ሥራ መጀመሩ ነው።

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ መጥታ አስቆመቻቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጉልበቱን ማጠፍና መዘርጋት ነው። «ካልታጠፈ ይደርቃል፤ ካልተዘረጋ ደግሞ ያነክሳሉ። ከሁሉ በላይ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ እንዳታደርጉ፤ ይመቻቸዋል፣ ግን ታጥፎ ይቀራል» አለችኝ። ተረከዛቸውን ይዤ ስገፋ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው የግእዝ ግስ በቃላቸው ይወርዱ ነበር። አንዱን ግስ ሲጨርሱ አንድ ዙር አለቀ ማለት ነው። ሕመሙ ሲብስ ግሱን እያፈጠኑ ይወርዱታል፤ እኔም ከፍጥነቱ ሕመማቸውን አውቅ ነበር።

አዲስ አበባ አምስት ሳምንት ቆየን። የዕረፍቱ ወራት አለቁ፤ ትምህርት ተከፈተ። ሞጣ አደረስኋቸውና ለአክስቴ ሁሉንም አሳየኋት፤ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ትራሱን። ሰማችኝ፣ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ወደ ቢቸና ተመለስሁ።

ያን ጊዜ በጸጥታ ችግር መንገዱ ተዘጋ። እንደሌላው ጊዜ ሁሉ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስልኩም አብሮ ጠፋ። ዓርብ ሲመጣ ልማድ ሆኖብኝ መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ ሚኒባሶቹ በር ተዘግቶባቸው ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። አንደኛው ያውቀኛልና «መምህርት፣ ዛሬም የለም» ይለኛል። ቤቴ ተመልሼ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በአራተኛው መንገዱ ተከፈተ።

ስገባ የኔታ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለዋል። ከጉልበታቸው ሥር ትልቅ ትራስ አለ። ሐኪሙ ቀጥ ያደረገው እግር ዳግም ታጥፏል። ልዘረጋው ስሞክር እንቢ አለኝ። ላጥፈውም ስል ብዙ አልሄደም።

«ይህን ትራስ ማን አደረገው?» አልሁ።

አክስቴ ከጓዳ ወጣች። «እኔ ነኝ። ሲያማቸው እያየሁ ምን ላድርግ?»

«ነግሬሽ ነበር! አሳይቼሽ ነበር!» ጮህሁባት። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። ወደ የኔታ ዞርሁ። «እርስዎስ? ሐኪሙን በጥያቄ እንዲያ ያስጨነቁት ሰውዬ፣ አንድ ትራስ ማውጣት አቃተዎት? ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ነገር ለዚህ ነው?»

ውጭ የነበሩት ተማሪዎች ንባባቸውን አቋርጠው ወደ በሩ ዞሩ። የኔታን ሰው ሲቆጣቸው ሰምተው አያውቁም። እኔም አላውቅም።

«ደከመኝ፣ ልጄ» አሉ አባቴ ጣራውን እያዩ። «አንቺ ስትኖሪ አንቺን አፍሬ ነው የማጥፈው። ብቻዬን ስሆን ደከመኝ።»

ወጥቼ የግቢው አጥር ጋ ቆምሁ። ማልቀስ ፈልጌ እንኳ አልመጣልኝም። አክስቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ነጠላዋን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «አንቺም ከስተሻል» አለችኝ። እሷን ይቅርታ የጠየቅሁት ያኔ ነው። እሷም በተቻላት ሁሉ እንዳስታመመቻቸው፣ ግን ሲያቃስቱ ቆማ ማየት እንደማትችል ነገረችኝ። የእሷ ዕድሜ እኮ ሰባ አልፏል።

ሥራውን ከዜሮ ጀመርን። ሐኪሙን በስልክ አገኘሁትና የሚቻለውን ነገረኝ፤ አልተቆጣኝም፤ ትልቁ ሥራ ያለው ከቀዶው በኋላ እንደሆነ ብቻ ነገረኝ። በአቅራቢያው ካለ ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ታያቸው ጀመር። በቀሩት ቀናት የኔታ ራሳቸው ተማሪዎቻቸውን ሁለት ሁለት እየመደቡ እግራቸውን ያሳጥፉ ነበር። እኔ ዓርብ ስደርስ ከሰላምታ በፊት ጉልበታቸውን ነው የማየው። እሳቸውም ያውቁታል፤ ስገባ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ይጠብቁኛል። ስንት እንደታጠፈ ለመለካት ከትምህርት ቤት የተማሪ ፕሮትራክተር ይዤ እመጣ ነበር። አንዳንድ ሳምንት ለውጥ ይኖራል፤ አንዳንዱ ምንም የለውም።

በጋው ሲያልፍ ጉልበቱ ከቀጥተኛ ማዕዘን ጥቂት አልፎ መታጠፍ ቻለ። ቀጥ ብሎ ለመዘርጋት አሁንም ትንሽ ይቀረዋል፤ ሐኪሙ ከዚህ ብዙም አይጨምርም አለኝ። የኔታ በአንድ ምርኩዝ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ቅዳሴውን እያረፉ ይቆማሉ። ለማስተማር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ መሬት መቀመጡ ቀርቷል። አልሰገዱም። ሌላው ሰው ሲሰግድ ጎንበስ ብለው መቋሚያቸውን ይይዛሉ። አንድ ጊዜ ከኋላቸው ሆኜ አየኋቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው ሁለት እጃቸውን መቋሚያው ላይ ጥለው ነበር። ከድካም ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኋቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ በኩል በባጃጅ ስንመለስ መንገዱ ክፉኛ አነጠረንና የኔታ የግራ ጉልበታቸውን ያዙ። ቀኙ ከተበላሸ ወዲህ የሰውነታቸውን ክብደት የተሸከመው እሱ ነው። ራጁን አይቼዋለሁ፤ እሱም ከሞላ ጎደል አልቋል። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ «አመመዎት?» አልኋቸው።

«አመመኝ» አሉ። «ይሄኛውንስ መቼ ነው የምናሠራው?»

የደጀን መንገድ፣ ኮሪደሩ፣ መናኸሪያው፣ ፕሮትራክተሩ በአንድ ጊዜ ፊቴ መጡ።

«ይህን ዓመት እንረፍ፣ የኔታ» አልኋቸው።

ወደ እኔ ዞረው ብዙ አዩኝና እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። «እሺ፣ ልጄ። እንረፍ» አሉ። ባጃጁ ቀስ እያለ ወደ ቤት ታጠፈ።